የውቅያኖስ መለኪያው ዓባይ ላይ

ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ሲወረድ ዓባይ አለ፤ ማዶው ጎጃም ነው። በክረምት በሽሎና ወለቃ ከደቡብ ወሎ ደጋ ያጠቡትን አፈርና ጎርፍ ይዘው ይገቡበታል። «የዓባይ ውኃ ስንት ነው?» የሚለው የዘመናት ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ወንዝ ዳር በተተከለ ባለ ቁጥር ዘንግ ነበር። ዛሬ ከጠፈርም ይለካል፤ መሣሪያው ግን ለባሕር የተሠራ ነው።

በ1970 ዓ.ም. የመጠቀችው የአሜሪካ ሳተላይት ሲሳት የሠራችው ለጥቂት ወራት ቢሆንም መንገዱን አሳይታለች። እንዲህ ያለ ሳተላይት የራዳር ምት ቁልቁል ይልክና እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል፤ ከዚያ የውኃው ከፍታ ይሰላል። ባሕሩ ጸጥ ካለ ምላሹ ባንዴ ይደርሳል። ሞገድ ካለ ግን ከጫፉ የነጠረው ይቀድማል፤ ከሥሩ የነጠረው ይዘገያል። ምላሹ በተለጠጠ ቁጥር ሞገዱ ትልቅ ነው።

በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ቶፔክስ/ፖሴይዶን ከመጠቀ ወዲህ ይኸው ዘዴ ለሐይቆችም ዋለ። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ጣና ይመቸዋል። የዓባይ ሸለቆ ግን ያስቸግራል፤ ከውኃው በፊት የሚመልሰው የገደሉ አፋፍ ነውና ራዳሩ ደጋውን ወንዝ ብሎ ሊይዝ ይችላል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጠቀው የናሳና የፈረንሳይ ስዎት በ10 ሜትር የተራራቁ ሁለት አንቴናዎች አሉት። ከሥሩ ያለውን ነጥብ ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኙንም ስለሚለካ፣ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ላላቸው ወንዞች ታስቧል።

ራዳር ለሕዝብ ክርክር የዋለው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው። በውቅያኖስ ላይ ሞገድ የሚመዘግበው የአውሮፓ ሴንቲኔል-1፣ ከሕዳሴ ግድብ ጀርባ ውኃ ሲሰፋ በምስል አሳየ። በዚያ ወቅት ሰማዩ ደመና ነው፤ ራዳር ግን ደመናን አልፎ ያያል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ያስመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ካሜራ የያዘ በመሆኑ ደመና ይጋርደው ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሙሌት መጠናቀቁን መንግሥት ይፋ ያደረገው ሐምሌ 14 ቀን ነው፤ ዓለም ምስሉን አስቀድሞ አይቶት ነበር።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የሐይቁ ከፍታ ከእንግዲህ ለካይሮም፣ ለካርቱምም፣ ለአዲስ አበባም እኩል የሚታይ ነው፤ መሸሸግም ሆነ ማጋነን አያዛልቅም። ከፍታ ግን ፍሰት አይደለም። በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያልፍ ለማወቅ የወንዙ ጥልቀትና ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ የሚለካው ባለሙያ ነው፣ ጎርፉ ባለበት ወርዶ። የሚያጥበውን አፈር ለመመዘንም ውኃውን መቅዳት ግድ ነው። የሐይቁን ስፋት ሌሎች በነፃ ይነግሩናል፤ በበሽሎና በወለቃ ላይ የሚተከለው መለኪያና የሚከፈለው የባለሙያ ደመወዝ ግን የእኛው ፈንታ ነው።