የብረታ ብረት ስርቆትና የከባድ ቅጣት ዋጋ

በመርካቶ ምናለሽ ተራን የጎበኘ ሰው ሁሉ፥ ቆራሌው ከየመንደሩ የሰበሰበው ያረጀ በርሜልና የተጣለ ቆርቆሮ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃና ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ ሲሆን አይቷል። ይህ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሆነ፥ የወደቀውን ዕቃ እንደገና ለጥቅም የሚያበቃ የተከበረ ሥራ ነው። የሚያሳዝነው ግን፥ ከሕዝብ መገልገያ ላይ የተቆረጠ የመብራት ሽቦና ከከፍተኛ መሥመር ምሰሶ የተፈታ ብረትም ገበያ የሚፈልገው በዚሁ በውድቅዳቂ ብረት ንግድ መንገድ መሆኑ ነው።

ይህን ስርቆት ለማጥፋት በየአገሩ አስቀድሞ የሚነሣው አሳብ «ቅጣቱ ይክበድ» የሚል ነው። በእኛም አገር በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 464 የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል አውታሮችን የሚያበላሸውን ሰው በጽኑ እስራት ይቀጣል። አንድ ምሰሶ ሲወድቅ ወፍጮው ይቆማል፤ ሱቁም ይጨልማል። ስለዚህ በሌባው ላይ መቈጣት ተገቢ ነው። የሆነ ሆኖ ነጋዴ ማናቸውንም ነገር ሒሳቡን ሳይመረምር አይገዛምና፥ የከባዱ ቅጣት ዋጋ ስንት እንደሆነና ከፋዩም ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 20 ኪሎ መዳብ ሰረቀ እንበል። የመዳብ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን 10 ሺህ ዶላር ቢሆን፥ የተሰረቀው መዳብ የሚያወጣው 200 ዶላር ነው፤ ሌባው ራሱ የሚያገኘው ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ይህ ሰው በእንግሊዝ አገር ሦስት ዓመት ቢታሰር፥ በዚያ የአንድ እስረኛ ወጪ በዓመት ወደ 50 ሺህ ፓውንድ ስለሚጠጋ፥ የሕዝብ ግምጃ ቤት 150 ሺህ ፓውንድ ያህል ያወጣል። የፖሊሱና የዳኛው ድካም በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም። የተቆረጠው ሽቦም በሌላ ወጪ ይተካል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው፤ ከግብር ከፋዮቹም አንዱ ነጋዴው ነው።

ወጪው ስርቆቱን የሚያስቀር ቢሆን ባልከፋ ነበር። የሦስት አገሮች ታሪክ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደቡብ አፍሪካ በ2015 ባወጣችውና በ2016 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ፥ አስፈላጊ የሕዝብ አውታርን ያበላሸ ሰው እስከ 30 ዓመት እንዲታሰር፥ ጥፋተኛ የሆነ ድርጅትም እስከ 100 ሚሊዮን ራንድ እንዲቀጣ ደነገገች። ከዚህ በኋላ በ2021/22 የበጀት ዓመት የባቡርና የወደብ ድርጅቱ ትራንስኔት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ገመድ ተሰረቀበት። በ2022 በሪቻርድስ ቤይ ወደብ የተጫነው የድንጋይ ከሰል 50 ሚሊዮን ቶን ያህል ብቻ ሆነ፤ ይህም እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከ1993 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። የሎኮሞቲቭ እጥረት አንዱ ምክንያት ሲሆን፥ የገመድ ስርቆትም ሌላው ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ መንግሥት የውድቅዳቂ ብረትና የመዳብ ኤክስፖርትን ለጊዜው አገደ።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በጥር ወር 2022 የመብራት ምሰሶዎች ወድቀው አገሪቱ በጨለመች ጊዜ፥ የውድቅዳቂ ብረትን ንግድ በሙሉ ለጥቂት ወራት ዘጋች። እገዳው ሌባውንና ታማኙን ነጋዴ ሳይለይ መታ፤ ብረት አቅላጭ ፋብሪካዎችም ጥሬ ዕቃ አጡ። ኋላም ንግዱ በአዲስ የቍጥጥር ደንብ ተከፈተ።

እንግሊዝ ግን የበለጠ የተመለከተችው የሌባውን እጅ ሳይሆን የገዢውን መዝገብ ነው። ከታኅሣሥ 3 ቀን 2012 ጀምሮ ውድቅዳቂ ብረት በጥሬ ገንዘብ እንዳይገዛ ተከለከለ። በ2013 በወጣው ሕግ ደግሞ ነጋዴው ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ እንዲያወጣ፥ የሻጩን ስምና አድራሻ እንዲያረጋግጥና መዝገቡን ለሦስት ዓመት እንዲያቆይ ታዘዘ። በቀጠሉት ዓመታት ስርቆቱ በብዙ ቀነሰ። በእርግጥ በዚያው ዘመን የመዳብ ዋጋም ወርዶ ነበር፤ ነገር ግን የመንግሥቱ ጥናት ከዋጋው መውረድ ሌላ ቍጥጥሩም ጉልህ ድርሻ እንደነበረው አሳይቷል።

ይህም መንገድ ቢሆን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። የፈቃዱን ክፍያና የመዝገቡን ድካም የሚሸከመው ታማኙ ነጋዴ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሸክም ከሚቃጠል ሞተር፥ ከሚበላሽ ሸቀጥና ከሚዘጋ ገበያ ጋር ሲመዛዘን የቀለለ ነው። ምሰሶ የሚጥል ሰው ይቀጣ፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ነገር ግን 20 ዓመት የሚያስፈራው፥ የመያዝ ነገር እርግጠኛ ሲሆን ነው። በጨለማ ሽቦ የሚቆርጠውን ሰው መያዝ አስቸጋሪ ነው፤ የቆረጠውን ይዞ የሚመጣበት የገዢው ደጃፍ ግን በቀን የሚታይ፥ አድራሻውም የታወቀ ነው።

ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች፥ ሕግ እስኪያስገድደን መጠበቅ አይገባንም። ሻጩን እንወቅ፤ የገዛነውን በመዝገብ እንጻፍ፤ ዋጋውን በባንክ እንክፈል። ልባሱ በእሳት የተቃጠለ መዳብ ወይም ባለቤቱ በውል የማይታወቅ የምሰሶ ብረት ሲቀርብልን፥ በርካሽ ያገኘነው መስሎን አንደሰት፤ የሱቃችንን መብራት መልሰን መግዛታችን ነውና።