ሬጉሌተሩ መድከሙን ነበልባሉ ቀድሞ ይናገራል

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞም ሆነ በለቡ፣ በመካኒሳም ሆነ በጎፋ ኮንዶሚኒየሞች፣ ጋዝ ወደ ቤት የሚገባው ለማሞቂያ ሳይሆን ለወጥ ነው። መብራት በጠፋ ማታ እራት የሚደርሰው ማዕድ ቤት ጥግ ወይም በረንዳ ላይ በቆመው ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ ባለቀ ቁጥር ይለወጣል፤ ምድጃው ሲበላሽ ይጠገናል፤ ጎማው ሲሰነጠቅ ዓይን ያየዋል። ሲሊንደሩ አናት ላይ የተገጠመው ሬጉሌተር ግን ቤት በተገባ ሰሞን እንደታሰረ ይቀራል፤ የሚታወሰውም ጋዝ የሸተተ ቀን ነው። ይህ ልማድ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሽታ ዘግይቶ የሚመጣ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማይደርስ ማስጠንቀቂያ ነው። የሬጉሌተሩ መድከም ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት በነበልባሉ ላይ ይታያል።

ለምን እንደሚደክም ለመረዳት ውስጡን ማየት ይጠቅማል። ቡታጋዝ የምንለው የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል ሲሆን፣ ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው በራሱ ትነት ግፊት ታፍኖ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ንጹሕ ቡቴን ከውጭው አየር በላይ ከ1 ባር ጥቂት የሚበልጥ ግፊት አለው፤ ንጹሕ ፕሮፔን ደግሞ ከ7 ባር በላይ። የቤት ምድጃ የሚፈልገው ወደ 30 ሚሊባር ብቻ ነው፤ ይህም የ1 ባር 3 መቶኛ ማለት ነው። ያን ሁሉ ግፊት ወደዚህ የሚያወርዱት ሬጉሌተሩ ውስጥ ያሉት ስስ የጎማ ሽፋን፣ አንድ ሞላና አንዲት ጠባብ አፍ ናቸው። ምድጃው ጋዝ ሲወስድ ከሽፋኑ ሥር ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ሞላው ሽፋኑን ይገፋና አፏ ትከፈታለች፤ ግፊቱ ሲመለስ ትዘጋለች። ከሽፋኑ በላይ ያለው ክፍል በክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ከውጭ አየር ጋር ይገናኛል። ከዓመታት በኋላ ሽፋኑ ይደርቃል፣ ሞላው ይላላል፣ አፏ ላይ ቆሻሻ ያርፋል። ጋዝ ሊያልቅ ሲል ሲሊንደሩን የማጋደም ልማድ ደግሞ ጉዳቱን ያፋጥነዋል፤ ፈሳሹንና ከሥር የተጠራቀመውን ቅባት በቀጥታ ወደ ሬጉሌተሩ ይሰዳልና።

አፏ በደንብ መግጠም ሲያቅታት ምድጃው ጠፍቶ ሲሊንደሩ ክፍት በሆነበት ሰዓት ጎማው ውስጥ ግፊት ቀስ በቀስ ይከማቻል። በዚህ ጊዜ ክብሪት ሲጫር ነበልባሉ ቦግ ብሎ ከተነሣ በኋላ ይረጋጋል። ችግሩ ሲብስ መረጋጋቱም ይቀራል፤ እሳቱ ከምድጃው አፍ ተነጥሎ እየጮኸ ይነዳል፣ እሳት ቀንሶ ወጥ ማንተክተክም አይቻልም። ሽፋኑ ወይም ሞላው ሲደክም ደግሞ ተቃራኒው ይከሰታል፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሁሉም እሳት ይልፈሰፈሳል፣ ሁለተኛው ሲለኮስ የመጀመሪያው ይወድቃል፣ ወይም ነበልባሉ ያለ ነፋስ ከፍ ዝቅ ይላል። በክዳኑ ቀዳዳ ላይ የሳሙና አረፋ ተቀብቶ አረፋው ከተነፋ ሽፋኑ ተቀዷል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም፣ ሬጉሌተሩ ዛሬውኑ ይለወጣል። ያችን ቀዳዳ በፕላስተር መድፈን ጋዙን የሚያቆም ቢመስልም ሽፋኑን ከውጭ አየር ስለሚያቋርጠው ግፊቱን የሚቆጣጠር ነገር አይኖርም።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ነበልባል በሌላ ምክንያትም ይለወጣል፣ ታዲያ በእሳት ቀለም ብቻ ደህና ዕቃ ለምን ይጣላል? ትክክል ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ይበልጥ ትክክል ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚህ ከፍታ ምድጃው የሚወስደው ጋዝ ጥቂት ቢቀንስም አብሮት የሚገባው ኦክስጅን ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር የተሠራ ምድጃ ሬጉሌተሩ አዲስ ሆኖም ጫፉ ቢጫ የሆነ እሳትና ጥላሸት ሊያመጣ ይችላል። አንዱ እሳት ብቻ ቢጫ ከሆነም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በዚያው አፍ ላይ የፈሰሰው ወጥ ነው፤ ማጽዳት ይበቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ በተለይ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ፈሳሹ ሲተን ራሱን ስለሚያቀዘቅዝ እሳቱ ይደክማል። ፍርዱ መሰጠት ያለበት ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፦ ነበልባሉ ከለመደው ሲለወጥ፣ ለውጡ በሁሉም እሳቶች ላይ ሲታይ፣ ሲሊንደር ሲቀየርም ሳይመለስ ሲቀር።

ብዙ ሰው በአፍንጫው ይተማመናል። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ የበሰበሰ ነገር የሚሸተው መርካፕታን የሚባል ውህድ ሆን ተብሎ ስለሚጨመርበት ነው። ሽታ መጨመር በአሜሪካ በሕግ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1937 በቴክሳስ የኒው ለንደን ትምህርት ቤት ሽታ በሌለው ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ካለቁ በኋላ ነው። ያ ትምህርት ውድ ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም አፍንጫ አንድን ሽታ እየለመደ ይደነዝዛል፤ ሽንኩርት በሚቁላላበት ቤት፣ ጉንፋን የያዘው ወይም የተኛ ሰው ባለበት ደግሞ ከቶ ላይሰማ ይችላል። ቡቴን ከአየር በእጥፍ ያህል ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ደረጃ ለደረጃም ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርዳል። እሳት ለመያዝ የሚበቃው ከአየሩ ወደ 2 በመቶ ሲደርስ ነው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነች፣ ጣሪያዋ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ያለ ማዕድ ቤት ብናስብ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ግማሽ ኪሎ ገደማ ጋዝ ክፍሉን በሙሉ እዚያ ደረጃ ያደርሰዋል። ወለሉ አካባቢ ስለሚከማች ግን ከዚያ በጣም ያነሰውም ይበቃል።

«ማታ ማታ ከሲሊንደሩ እንዘጋለን» የሚሉ አሉ፤ ከሁሉ የተሻለው ልማድ ይህ ነው፣ ሊቀጥልም ይገባል። ነገር ግን የደከመ ሬጉሌተር ግፊት የሚለቀው ሲሊንደሩ ተከፍቶ ሰው እሳቱ ፊት በቆመበት ሰዓት ነው። «ጠጋኝ ይሠራዋል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎሚኒ ይቀየራል፣ የውስጡ ሽፋን ግን ተፈትቶ ሲገጠም የሚወጣውን ግፊት ያለ መለኪያ ማረጋገጥ አይቻልም። ዕድሜም ይቆጠራል። በብሪታንያ ሬጉሌተር በ10 ዓመት፣ በሕንድ የጋዝ ጎማ በ5 ዓመት እንዲለወጥ ይመከራል፤ የደጋ ፀሐይ ጨረር በሚያርፍበት በረንዳ ላይ ያለ ጎማ ይህንንም ላይሞላ ይችላል። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሁሉንም በአንዴ መግዛት ያልቻለ ቤት የተሰነጠቀውን ጎማና ያረጀውን ጎሚኒ ያስቀድም። ያገለገለ ሬጉሌተር ግን አይግዛ፤ ዕድሜው አይታወቅምና። አዲሱን ሲገዙ ከሲሊንደሩ አፍ ጋር መግጠሙን፣ የተሠራበት ዓመትና የሚያወጣው ግፊት የተቀረጸበት መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ከተገጠመ በኋላ ምድጃው ተዘግቶ ሲሊንደሩ ይከፈትና መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ። አረፋው የተነፋው በሲሊንደሩ በራሱ ቫልቭ ላይ ከሆነ ግን በቤት ውስጥ የሚጠገን ነገር የለም፤ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ መስኮት መክፈት፣ ከተቻለ ሲሊንደሩን እንደቆመ ወደ ሜዳ ማውጣት፣ ጎረቤትን አስወጥቶም ከውጭ ሆኖ ወደ 939 መደወል ነው።