ተራ የማይጠበቅበት መክፈቻ

ቼዝ ለመማር የሚነሣ ተማሪ፣ በሰቆጣም ይሁን በአዲስ አበባ፣ በቅድሚያ የሚነገረው ነጭ እንደሚጀምርና ተጫዋቾቹ ተራ በተራ እንደሚሄዱ ነው። በጥንታዊው የአገራችን ሰንጠረዥ መክፈቻ ላይ ግን ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው አንደኛው የሌላውን ጠጠር ከበላ በኋላ ነው። ይህ የመክፈቻ ክፍል ወረራ ይባላል።

ጨዋታው በመኳንንቱ ዘንድ የተወደደ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እ.ኤ.አ. ከዋግ በስተሰሜን ወደምትገኘው ሕንጣሎ በሄደ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቷል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ የጨዋታውን ታሪክና ደንብ በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አሳትመዋል።

ወረራ እንዲያው እንደ ልብ መሯሯጥ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ስሌት አለው። በዓለም አቀፉ ቼዝ እያንዳንዱ ተጫዋች ለመጀመሪያ እርምጃው 20 አማራጭ አለው። በሰንጠረዥ መደቆቹ (ዛሬ ወታደር የምንላቸው) አንድ ቤት ብቻ ስለሚራመዱ 8፣ ሁለቱ ፈረሶች 4፣ ሁለቱ ፊሎች ማለትም ዝሆኖች 4፣ በድምሩ 16 ይሆናል። በወረራ ጊዜ ግን ማን ቀደመ የሚለው አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው የደረሱበት አሰላለፍ ብቻ ነው። በፊዚክስ አንዳንድ መጠኖች በሥርዓቱ ሁኔታ እንጂ በተጓዘበት መንገድ አይወሰኑም፤ ነገሩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ታዲያ እንዴት እናሰልፍ? ፊልን እንመልከት። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መካከል ያለ ጠጠር አያግደውም። ስለዚህ የባላጋራችን ፊል ከ8ኛው ረድፍ ተነሥቶ 6ኛውን፣ 4ኛውንና 2ኛውን ብቻ ይረግጣል። ከ64ቱ ቤቶች አንዱ ፊል ሊደርስባቸው የሚችለው 8 ብቻ ናቸው፤ የአራቱም ፊሎች ቤቶች የተለያዩ በመሆናቸው ፊልና ፊል ከቶ አይበላሉም። ከዚህ ግልጽ ምክር ይወጣል፤ መደቆችን ከ2ኛው ወደ 3ኛው ረድፍ ማራመድ ከፊል ያድናቸዋል፤ በ1ኛው ረድፍ የተቀመጠ ንጉሥም በፊል አይነካም።

ባላጋራ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ፈረሱን ወደ ቀኝ ሲያወጣ እኛ ቀኛችንን እናጠናክራለን፤ እሱም ይህን አይቶ ይለውጣል። እንደ እኔ አስተያየት የወረራ እውነተኛ ችሎታ ይህ ምላሽ ነው፤ በቃል የተጠና መክፈቻ እዚህ ብዙም አይረዳም። ቦቢ ፊሸር በ1996 እ.ኤ.አ. የኋላውን ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ ማሰለፍን ያስተዋወቀው ይህንኑ የቃል ጥናት ለማስቀረት ነበር።

ወረራ ከውድድር አዳራሽ ጋር የማይስማማበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። የውድድር ሰዓት የሚቆጥረው የአንዱን ተጫዋች ጊዜ ብቻ ነው፤ የጨዋታ መዝገብም እያንዳንዱን እርምጃ በተራ ቁጥር ይጽፋል። ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ የሚያደርጉትን ለመጻፍ ዓምድ የለውም።