የዴይኬር ሠራተኛ ደመወዝ ከየት ይምጣ?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አማርኛ በየቀኑ ከሚሰማባቸው የሥራ ቦታዎች አንዱ ዴይኬር ነው። ብዙ እህቶቻችን በረዳትነት ይጀምራሉ፤ አንዳንዶቹ ተምረው ዋና መምህር ይሆናሉ፤ ሌሎቹ ፈቃድ አውጥተው በገዛ ቤታቸው ልጆች ይቀበላሉ። ከ2022 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የከተማው መንግሥት ለእነዚህ ሠራተኞች ከራሱ በጀት ገንዘብ ይጨምርላቸዋል። ገንዘቡ ለምን እንደሚሰጥ፣ በየት በኩል ዞሮ እንደሚደርሳቸውና ለምን ከበጀት ክርክር እንደማይጠፋ ግን ከተቀባዮቹም መካከል በደንብ የሚነግራቸው ያላገኙ ብዙ ናቸው።

መነሻው የሂሳብ ጉዳይ ነው። በዲሲ ደንብ አንድ አዋቂ ከአራት ሕፃናት በላይ ብቻውን መያዝ አይፈቀድለትም። ደንቡ ትክክል ነው፤ የሕፃናቱ ክፍል ውስጥ አንድ ረፋድ የቆየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። አንዱ ጡጦው እስኪቀርብለት ያለቅሳል። አንዷ ዳይፐር ይቀየርላታል፤ ጓንት ይጠለቃል፣ መቀየሪያው በመድኃኒት ይጠረጋል፣ እጅ ይታጠባል፣ የተቀየረበት ሰዓት ይጻፋል። የተኛው ሦስተኛ ልጅ በጀርባው መሆኑና አተነፋፈሱ በየጊዜው ይታያል። አራተኛው በዚህ ሁሉ መሃል ወንበር ይዞ ለመቆም ይፍጨረጨራል፤ እሱም የሚያየውና አይዞህ የሚለው ሰው ይፈልጋል።

አራት ልጅ ማለት ግን አራት ከፋይ ማለት ነው። ዲሲ ውስጥ ለአንድ ሕፃን የሚጠየቀው ክፍያ በዓመት ከ24,000 ዶላር በላይ ነው። በዚህ ሂሳብ አራቱ ወደ 96,000 ዶላር ያስገባሉ። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ ምግብና የአስተዳደር ወጪ ይነሳል። ወላጅ ከሥራ እስኪመለስ ዴይኬሩ በቀን አሥር ሰዓት ያህል ክፍት ስለሚሆን ስምንት ሰዓት የምትሠራ አንዲት መምህርት ብቻዋን አትሸፍነውም። ለደመወዝ የሚውለው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ወላጅ “ከቤት ኪራዬ በለጠብኝ” ሲል ሠራተኛዋ ደግሞ “ኪራዬን አይችልልኝም” ትላለች፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በ2023 በመላው አሜሪካ ከሕፃናት ተንከባካቢዎች ግማሾቹ የሚከፈላቸው በሰዓት ከ14.60 ዶላር በታች ነበር።

ዲሲ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ከተማዋ በ2008 ባወጣችው ሕግ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ነፃ የቅድመ መደበኛ ትምህርት በትምህርት ቤቶች ማስፋፋት ጀመረች። ለወላጆች ትልቅ እፎይታ ሆነ። ለዴይኬሮቹ ግን ሁለት ጉዳት አመጣ። የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በርከት ብለው በአንድ መምህር ስለሚያዙ የሕፃናቱን ክፍል ኪሳራ የሚያካክሱት እነሱ ነበሩ፤ እነሱ ሄዱ። መምህራኑም ተከተሏቸው፤ ተመሳሳይ ዲግሪ ይዞ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ደመወዙም ጥቅማ ጥቅሙም እጅግ ይበልጣልና።

የከተማው ምክር ቤት በ2018 ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ሕግ ሲያወጣ የዴይኬር መምህራን ክፍያ ከትምህርት ቤት መምህራን ጋር እንዲቀራረብ ቃል ገባ። ገንዘብ ግን አልመደበለትም። ቃሉ በወረቀት ላይ ከቆየ በኋላ በ2021 በዓመት ከ250,000 ዶላር በላይ በሚያገኙ ነዋሪዎች ላይ የገቢ ታክስ ተጨመረ፤ ከዚያ ከተገኘው ገንዘብ የመምህራኑ የክፍያ እኩልነት ፈንድ ተቋቋመ።

መጀመሪያ ገንዘቡ በቀጥታ ለሠራተኞቹ ነው የተሰጠው። በ2022 ለዋና መምህራን እስከ 14,000፣ ለረዳቶች እስከ 10,000 ዶላር ተከፈለ። ዕዳ የከፈለበት፣ መኪና የጠገነበት፣ ትምህርት የቀጠለበት ሁሉ ያመሰግነዋል። እኔ ግን ይበልጥ ትልቅ ነገር የምለው ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ ነው። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ገንዘቡ ለዴይኬሮቹ ይሰጥና እነሱ በምላሹ ቢያንስ በከተማው የደመወዝ ስኬል የተወሰነውን ለመክፈል ይስማማሉ። ያኔ የወጣው ስኬል ምንም ሰርተፍኬት ለሌለው የሙሉ ጊዜ ረዳት 43,865 ዶላር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ዋና መምህር 75,103 ዶላር ነበር። አንድ ጊዜ የመጣ ቼክ ይመነዘርና ያልቃል። ደመወዝ ግን አፓርታማ ለመከራየት በሚጠየቀው ወረቀት ላይ ይታያል፣ ባንክ ብድር ሲጠየቅ ይቆጠራል፣ ሰው ሌላ ሥራ ሳያማትር እንዲቆይ ያደርጋል።

ከፈንዱ ጋር የተያያዘ የጤና ኢንሹራንስም አለ። ከ2023 ወዲህ በፕሮግራሙ የገቡ ዴይኬሮች ሠራተኞች ከራሳቸው ምንም ሳይከፍሉ ወይም በጥቂት ክፍያ ኢንሹራንስ የሚያገኙበት መንገድ ተከፍቷል። ውጤቱን የመረመረው ማቴማቲካ የተባለው የጥናት ተቋም ፈንዱ በዘርፉ የሚሠሩትን ሰዎች ቁጥር ወደ 7 በመቶ ከፍ እንዳደረገው አግኝቷል። ሠራተኛ ጠፍቶ ክፍል በሚዘጋበት ዘርፍ ይህ ቀላል አይደለም።

ሥርዓቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ገንዘቡ በአሠሪው በኩል ስለሚያልፍ፣ አሠሪው ካልተመዘገበ ሠራተኛዋ ከስኬሉ ውጭ ናት። የሚከፈላት ገንዘብ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ስለሆነ፣ ገቢ እየታየ የሚሰጥ እንደ ሜዲኬይድ ያለ ድጋፍ የምታገኝ እናት ጭማሪው ያንን ሊነካባት ይችላል፤ ደመወዟ ከማደጉ በፊት ብታሰላው ይሻላታል። ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዛ የመጣች ደግሞ ዲግሪዋ በአሜሪካ የምዘና ተቋም ተገምግሞ ካልቀረበ ሰርተፍኬት እንደሌለው ረዳት ልትቆጠር ትችላለች። በ2023ቱ ስኬል የታችኛውና የላይኛው እርከን መካከል ከ30,000 ዶላር በላይ ልዩነት ስለነበረ፣ ይህ ወረቀት በእውነት ዋጋ አለው።

ትልቁ ስጋት ግን ገንዘቡ በየዓመቱ ከበጀት የሚወሰን መሆኑ ነው። በ2024 ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ባቀረቡት በጀት ፈንዱ ጭራሽ እንዲቀር ተጠይቆ ነበር። መምህራን፣ ወላጆችና የዴይኬር ባለቤቶች ተቃወሙ፤ ምክር ቤቱም 70 ሚሊዮን ዶላር መለሰለት። ከበፊቱ ያነሰ፣ የተመዘገቡትን ሁሉ በቀድሞው ስኬል ለመክፈል የማይበቃ ስለነበር ዝቅተኛው ደመወዝ ተቀነሰ። አንዲት መምህርት ደመወዟን አምና አይታ ዘንድሮ መቀነሱን ስትሰማ፣ ልጆቹን ትታ ወደ ሌላ ሥራ ብታይ ማን ይወቅሳታል? መንግሥት ደመወዝ ከፍ ካደረገ በኋላ መልሶ ሲያወርደው የሚያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እምነትም ነው።

ሌላ አገርም በዚሁ መንገድ ሄዷል። አውስትራሊያ በ2024 ባወጣችው ዕቅድ ለሕፃናት ተንከባካቢዎች በሁለት ዓመት ውስጥ 15 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ከፌዴራል መንግሥት ካዝና ለመሸፈን ወስናለች፤ ገንዘቡን የሚወስድ ድርጅት የወላጆችን ክፍያ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይጨምር ይፈርማል። ወላጅን የሚጠብቅ ይህን የመሰለ ግልጽ ገደብ ለዲሲም ይበጃታል ብዬ አምናለሁ።

ዲሲ ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ ሁለት ጥያቄ ለዳይሬክተራችሁ አቅርቡ፦ ዴይኬራችን በፈንዱ ተመዝግቧል ወይ? እኔስ በየትኛው የስኬል እርከን ነው የተቀመጥኩት? የበጀቱ ክርክር በጸደይ ወራት ይካሄዳል፤ በምክር ቤቱ ፊት ማንኛውም ነዋሪ ቀርቦ መናገር ይችላል። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች እንዲያስተረጉሙ ያስገድዳል፤ ወደነዚህ መሥሪያ ቤቶች ስትሄዱ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው።