ኳስ ድብልብል ናት፤ ውድድሩ ግን ረጅም ነው

ቅዳሜ ከሰዓት ዓለም ባንክ ሰፈር ከሚገኙት ዲኤስቲቪ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው ሁለት ጨዋታ ያያል። አንዱ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ሌላው ወንበሮቹ መካከል። የተሸነፈው ቡድን ደጋፊ «ዕድል ነው እንጂ ምን ችሎታ አላችሁ!» ይላል። ያሸነፈው «ዕድል የሚባል ነገር የለም፤ ኳስ ችሎታ ነው» ብሎ ደረቱን ይነፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ውጤቱ ሲገለበጥ ሁለቱም ንግግራቸውን ተለዋውጠው ይመጣሉ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ወጣት ደግሞ አይከራከርም። የውርርድ ትኬቱን በጣቱ እያሻሸ ሰዓት ይቆጥራል።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ካናዳና አሜሪካ ውስጥ በበረዶ ላይ ሆኪ ምክንያት የሚጨቃጨቁትም ይህንኑ ይላሉ። የእነሱ ጨዋታ ለእኛ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ግን ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘው፣ እየተጋፉ፣ አንዲት ትንሽ ነገር እየመቱ ወደ ባላጋራ ወሰን መንዳት ነውና የገናን ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ባዕድ አይደለም። በእሩሯ ፈንታ ጠፍጣፋ ጎማ፣ በሜዳው ፈንታ በረዶ ነው ያለው። ከእነሱም ከእኛም ታሪክ እየቀዳን የተለመዱትን አባባሎች አንድ በአንድ እንፈትሽ።

ተረት 1፦ «ዋንጫ የሚወስደው ምንጊዜም የተሻለው ቡድን ነው»

እውነታው፦ አንድ ጨዋታ የተሻለውን ለመለየት በጣም አጭር ነው። በቅርጫት ኳስ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ወደ መቶ ጊዜ ያህል ያጠቃል። እዚህ የከሸፈው እዚያ ይካካሳል፤ መጨረሻ ላይ ጎልቶ የሚተርፈው ችሎታ ነው። እግር ኳስ ላይ ግን በ90 ደቂቃ ውስጥ የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ጎል ነው። አንዷ በተከላካይ ጉልበት ተጨርፋ ከገባች የቀኑ ታሪክ እሷ ሆነች ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ኤሊ ቤን-ናይም የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከ300,000 በላይ የአምስት ስፖርቶች ጨዋታዎችን መርምረው፣ በውጤት ዝቅ ያለው ቡድን ከፍ ያለውን ስንት ጊዜ እንደሚጥል አሰሉ። በእንግሊዝ እግር ኳስ ወደ 45 በመቶ፣ በሆኪ ወደ 41 በመቶ፣ በቅርጫት ኳስ ደግሞ ወደ 37 በመቶ ነበር። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ቁጥሩ 50 ይሆን ነበርና፣ ከአምስቱ ስፖርቶች ለድንገተኛ ውጤት በሩን በሰፊው የከፈተው እኛ የምንወደው ነው። «ኳስ ድብልብል ናት» የሚለው አባባላችን ይህን ያውቀዋል።

የሆኪው ትልቁ ምስክር ታምፓ ቤይ ላይትኒንግ ነው። በ2018/19 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ከ82 ጨዋታ 62ቱን አሸንፎ ሊጉን በሰፊ ልዩነት መራ። ወደ ጥሎ ማለፉ ሲገባ ግን በመጀመሪያው ዙር ኮሎምበስ ከተባለ ቡድን ጋር ተገናኝቶ በተከታታይ አራት ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ። በስድስት ወር የተገነባ ስም በአንድ ሳምንት ፈረሰ። ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። የክለቡ አመራር አሠልጣኙን አላባረረም፣ ዋና ዋና ተጫዋቾቹንም አልበተነም። ያው ቡድን በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ዋንጫውን ሁለት ዓመት በተከታታይ አነሳ። ችሎታው በዚያች ሳምንት አልጠፋም ነበር፤ ሌላ ዕድል እስኪያገኝ ድረስ ዝም ብሎ ጠበቀ እንጂ።

ተረት 2፦ «የ1954ቱን ዋንጫ ያገኘነው አራት ቡድን ብቻ ስለነበረ ነው»

እውነታው፦ ግማሹ ልክ ነው። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ተሳታፊዎች ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና በጊዜው የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ብቻ ነበሩ። ዋንጫውን ለማንሳት ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ በቂ ነበር፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ። ይህ ዕድል ካልተባለ ምን ይባላል?

ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ኢትዮጵያ በ1957 እ.ኤ.አ. በካርቱሙ የመጀመሪያ ውድድር ፍጻሜ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይም ውጤቱ ያው 4 ለ 0 ሆነ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ያው ባላጋራ፣ የሁለቱም ዋንጫዎች ባለቤት፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ሁለት ጊዜ ቀድሞ አገባ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኢትዮጵያ አቻ አደረገች። ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሲሆን፣ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2 አለቀ። ሁለት ጊዜ በአራት ንጹህ ጎል ያሸነፈህን ቡድን ከኋላ ተነስተህ በአራት ጎል መመለስ በዕድል ብቻ አይገፋም።

በራስ ሜዳ መጫወት ብቻውን ዋንጫ እንደማያመጣ የሚመሰክረውም የራሳችን ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ ውድድሩን በ1968 እና በ1976 እ.ኤ.አ. ደግማ አስተናግዳለች። ሜዳው ያው፣ ደጋፊው ያው ነበር፤ ዋንጫው ግን አልተመለሰም።

ተረት 3፦ «ፔናልቲ ሎተሪ ነው»

እውነታው፦ ሎተሪው የነበረው ከፔናልቲው በፊት ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጣሊያንና ሶቪየት ኅብረት ኔፕልስ ላይ 120 ደቂቃ ተጫውተው 0 ለ 0 ቢለያዩ፣ ለፍጻሜ የሚያልፈው በሳንቲም ተለየ። ሳንቲሙ ለጣሊያን ወደቀ፤ ጣሊያንም ዋንጫውን ወሰደች። የመለያ ምት በ1970 ወደ ሕግ የገባው እንዲህ ያለው ነገር ስላላዋጣ ነው።

ሳንቲም ልምምድ አያውቅም፤ ፔናልቲ ግን ያውቃል። ምዕራብ ጀርመንና ጀርመን በዓለም ዋንጫ የገቡባቸውን አራት የመለያ ምቶች አራቱንም አሸንፈዋል። እንግሊዝ በአንጻሩ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ተሸነፈች፤ ለ2018 እ.ኤ.አ. ውድድር ግን ከአመታቱ እስከ አተነፋፈሱ በዕቅድ ተዘጋጅታ ኮሎምቢያን አለፈች። እርግጥ በአምስት ምት ውስጥ ዕድል ሰፊ ቦታ አለው። በረኛው በግምት ይወረወራል፣ ኳሷም ቋሚውን ልትመታ ትችላለች። ቢሆንም አዲስ አበባ ላይ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ፣ እነዚያን ምቶች የመቱት እግሮች ሳንቲም አልነበሩም።

ተረት 4፦ «ዕድል ያሳለፈው ቡድን ችሎታ የለውም»

እውነታው፦ ዕድል በር ይከፍታል፤ በሩ ድረስ የሚያደርሰው ግን እግር ነው። ሁለት ማሳያ እንይ።

ለ2005 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ሱዳን ሜዳ ላይ 5 ለ 3 ተሸነፈ። ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አግብተው 2 ለ 0 ሲያልቅ ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ያሳለፋት ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎል ይበልጣል የሚለው ሕግ ነው። «በሕግ ነው ያለፍነው» ያሉ ነበሩ። ግን በሰው ሜዳ፣ አምስት ጎል እየገባብህም ቢሆን፣ ሦስት ማግባት ከሰማይ የሚወርድ ስጦታ አይደለም።

ሁለተኛው መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። የአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድን አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3 ለ 1 እየተመራ ሳለ ዳኛው ታመው ወደቁ፤ ጨዋታው በ80ኛው ደቂቃ አካባቢ ተቋረጠ። በዚያው ሰዓት የምድቡ ሌሎች ቡድኖች ማዳጋስካርና ኒጀር ያለ ጎል በመለያየታቸው ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ለፊልም የሚሆን ዕድል ነው! ሆኖም ያለ ዘጠኝ ነጥብ ያ ሁሉ ከንቱ ነበር። ነጥቦቹ የተሰበሰቡት ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኒጀርን 3 ለ 0 በማሸነፍ ነው። የመጨረሻዋን ቀን ብቻ ያየ «ዕድለኞች» ይላል፤ ስድስቱን ጨዋታ ያየ ግን ሌላ ነገር ይላል።

ተረት 5፦ «ችሎታ ሲያድግ ዕድል ይጠፋል»

እውነታው፦ ይህኛው ተገላቢጦሽ ነው። «ዘ ሰክሰስ ኢኩዌዥን» በተባለው የ2012 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ይህን በሰፊው ያስረዳው ጸሐፊው ማይክል ሞቡሲን ነው። ሁሉም ተወዳዳሪ ጎበዝ እየሆነ ሲሄድ በመካከላቸው ያለው የችሎታ ልዩነት ይጠባል፤ ልዩነቱ ሲጠብ ደግሞ ትንሽ ዕድል ትልቁን ነገር ትወስናለች። የሰፈር ልጆች ከአንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ጋር ቢገጥሙ ዕድል አያድናቸውም። ሁለት የሚመጣጠኑ ክለቦች ሲገጥሙ ግን በአንድ የማዕዘን ምት ላይ አገር ይገለበጣል።

የሰሜን አሜሪካው ሆኪ ሊግ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክለቦች ለደሞዝ በሚያወጡት ገንዘብ ላይ ጣሪያ አስቀምጧል። ሀብታሙ ሁሉንም ኮከብ እንዳይሰበስብ ተከለከለ፤ ቡድኖቹ ተቀራረቡ። በመሆኑም እዚያ ዋንጫ የሚያነሳው ቡድን መጎበዝም መታደልም አለበት።

ረጅም ሊግ ግን ሌላ ነው። በእኛ ፕሪሚየር ሊግ አሥራ ስድስት ክለቦች ይወዳደሩ በነበረበት ጊዜ እያንዳንዱ 30 ጨዋታ ያደርግ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሻምፒዮንነቱን እየደጋገመ የወሰደው ዕድል ስለወደደው ሳይሆን፣ ረጅም ውድድር ጥሩ ወንፊት ስለሆነ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ገና በገባበት ዓመት ሻምፒዮን መሆኑ ደግሞ ወንፊቱም ቢሆን ቀዳዳ እንዳለው ያሳያል።

ተረት 6፦ «ኳስ የሚያውቅ ሰው ውርርድ ይበላል»

እውነታው፦ ወደ ጥጉ ወጣት እንመለስ። ኳስ ያውቃል፤ ማን እንደተጎዳ፣ ማን እንደተቀጣ በቃሉ ይነግርሃል። ትኬቱ ላይ አሥር ጨዋታ መርጧል። እያንዳንዱን የመገመት ዕድሉ 70 በመቶ ነው እንበል፤ ይህ ለማንም ሰው ትልቅ ቁጥር ነው። አሥሩም አንድ ላይ ልክ የመሆናቸው ዕድል ግን 70 በመቶን አሥር ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ ከ3 በመቶ ያነሰ ይመጣል። እንዲህ ካሉት መቶ ትኬቶች ዘጠና ሰባቱ ይወድቃሉ። አንዱ ጨዋታ ብቻ ሲያበላሽበት «ለትንሽ አመለጠኝ» ይላል፤ ሂሳቡ ግን ገና ሲጀመር ርቆ ነበር። ለዚያውም አወራራጁ የሚከፍለው ተመን የራሱ ትርፍ አስቀድሞ የተቀነሰለት ነው። በአንድ ትኬት የሚያስበላህ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ በሺህ ትኬት ላይ የሚሠራው ግን ሂሳብ ነው። ወጣቱ የሚወራረደው በአንዲት ቀን ውጤት ነው፤ አወራራጁ ግን ረጅሙን ሊግ ይጫወታል። ስሙ ባንክ በሆነ ሰፈር ገንዘብ የሚቀመጥበት ሳይሆን የሚቀርበት ቦታ ይህ ነው።

እንዴት እንለያቸው?

ሞቡሲን አንድ ቀላል መፈተኛ አለው፦ ሆን ብለህ መሸነፍ ትችላለህ? ሎተሪ ላይ አትችልም፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ዕድል ነው። ኳስ ላይ በደንብ ትችላለህ፤ ስለዚህ ችሎታ አለበት። ቀጥሎ የሚጠየቀው ስንት ጊዜ ተጫወቱ የሚለው ነው። አንድ ቀን የዕድል ነች፤ ዓመት የችሎታ ነው። ዋንጫ ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በአንድ ቀን ስለሆነ፣ ሁለቱም በአንድ ብርጭቆ ተቀላቅለው ይቀርባሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ለአለቆች ነው፦ በአንድ ሽንፈት አሠልጣኝ ስታባርሩ የቀጣችሁት ጥፋትን ነው ወይስ የተጨረፈች ኳስን? የታምፓ አለቆች ይህን ባይጠይቁ ኖሮ ሁለቱ ዋንጫዎች ባልመጡ ነበር።

በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ እንደማይቆጣ የሚነገረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እሩሯ የማንን ቁርጭምጭሚት እንደምታገኝ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፣ በዕድል ቂም አይያዝም።

ባለፈው ዲኤስቲቪ ቤት ክርክሩ ሲጦፍ ይህንኑ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ጥያቄው ዛሬ ማን አሸነፈ አይደለም፤ እነዚህ ሁለት ቡድኖች አሥር ጊዜ ቢገናኙ ማን ስንቱን ያሸንፋል ነው» አልኳቸው። ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። በር አጠገብ ጋቢ ደርበው የተቀመጡ አንድ ጋሼ ብርጭቋቸውን ወደ አስተናጋጇ ከፍ አደረጉ።

«እንግዲያው ዘጠኝ ጨዋታ ይቀረናል» አሉ። «ልጄ፣ ሻይ ጨምሪልን።»