የመኪና ወንበር ልባስን አውልቆ ስለ ማደስ፦ ጌጡ የት ላይ ያበቃል?



የዛሬው ርእስ ለሕዝባዊ ገለጻ ዝቅ ያለ የሚመስለው አይጠፋም። የመኪናን ወንበር ልባስ በገዛ እጅ አውልቆ ማደስ የጋራዥ ወግ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ አይደለም ሊባል ይችላል። እኔ የማስተምረው ስለ ቁሶች ጠባይ ነው፤ ከአንድ የወንበር ጎን ሽፋን የሚገኘውን ያህል ትምህርት የሚሰጡ ዕቃዎችም ብዙ አላውቅም። ጉዳዩ ወቅታዊም ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት መኪኖች ከቀድሞው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ አብረውን መቆየታቸው የሚጠበቅ ነው። ባለቤቶቻቸው ውስጣቸውን ለማደስ መሻታቸው ተገቢ ነው። አስቸጋሪው ነገር፣ ወንበር ላይ ጌጥ የሚመስለው ሁሉ ጌጥ አለመሆኑ ነው።

ልባስ ስል ሦስት ነገሮችን ማለቴ ነው፦ ስፖንጁን የሚሸፍነውን ጨርቅ፣ ቪኒል ወይም ቆዳ፤ በወንበሩ ጎን የማስተካከያውን ብረት የሚከልለውን የፕላስቲክ ሽፋን፤ እንዲሁም እጀታዎቹንና ትንንሽ ክዳኖቹን። በሰፊው የምናገረው ስለ ፕላስቲኩ ነው። ስለ ጨርቁ ያለኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱ ግን ከሁሉ መቅደም አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1994 ቮልቮ በ850 ሞዴሉ የጎን ኤርባግን በመኪና ወንበር ውስጥ አስገባ። ሌሎች አምራቾችም ተከተሉት። በጎን ግጭት ጊዜ በበሩና በተሳፋሪው ጎድን መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ሳንቲ ሜትር በመሆኑ፣ የአየር ከረጢቱ በ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ መዘርጋት ይኖርበታል። መውጫው ብዙውን ጊዜ በመደገፊያው ጠርዝ ላይ ያለው ስፌት ነው፤ ስፌቱም ሆን ተብሎ በሚበጠስ ክር የተሰፋ ነው። እንግዲህ አንድ ትጉህ ሰፊ መጥቶ ያንን ስፌት “ደካማ ነው” ብሎ በጠንካራ የናይለን ክር ቢደግመው፣ ወይም ወንበሩን ከላይ እስከ ታች በወፍራም ቆዳ ቢያለብሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። ከረጢቱ መውጫ ያጣል፤ ወይም ይዘገያል፤ ወይም ባልታሰበለት በኩል ይወጣል። ሥራው ሲታይ ያማረ ነው። ጉድለቱ የሚታወቀው ግን በግጭቱ ቅጽበት ነው። ስለዚህ የጎን ኤርባግ ያለበትን ወንበር ልብስ በገዛ እጅ መስፋትን አልመክርም፤ ለዚያ ሞዴል ተብሎ የተሰፋ ልብስ ይፈለግ። የጎን ኤርባግ የሌለው ወንበር ነገሩ ሌላ ነው፤ ስፖንጁ ላይ ልብሱን የያዙትን የሽቦ ቀለበቶች በጥንቃቄ መፍታትና በአዲስ መተካት ትዕግሥት ላለው ሰው የሚቻል ነው።

ኤርባግ መኖሩ በምን ይታወቃል? አብዛኛውን ጊዜ በመደገፊያው የበር በኩል ጠርዝ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈች ትንሽ ምልክት አለች። ወንበሩ አስቀድሞ ልብስ የተቀየረለት ከሆነ ግን ምልክቷ ጠፍታ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የእጅ ባትሪ ይዞ ከወንበሩ ሥር ማየት ነው። ቢጫ ሶኬት ከታየ ሽቦው የሚሄደው ወደ ኤርባግ ወይም ቀበቶን በግጭት ጊዜ ወደሚያጠብቀው መሣሪያ ነው፤ ሁለቱም ውስጣቸው ተቀጣጣይ ባሩድ መሰል ነገር አለ። በቴስተር አይለኩም፤ አይመቱም፤ አይሞቁም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከባትሪው ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ስበን የፊት ቡሎኖቹን፣ ወደ ፊት ገፍተን የኋላዎቹን ካየን በኋላ ቁልፉን እናጠፋለን፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ እንፈታለን፤ ከዚያም እንጠብቃለን። ቶዮታ በጥገና መመሪያዎቹ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፤ ረዘም ያለ ጊዜ የሚያዙ አምራቾችም አሉ። ሥርዓቱ ገመዱ ከተፈታም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ነው። ወንበሩ በአብዛኞቹ መኪኖች በአራት ቡሎኖች የታሰረ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ የመኪናውን ቁልፍ ማዞር የኤርባጉን መብራት ያበራል፤ ስሕተቱም በኮምፒውተሩ ይመዘገባል።

የጎን ሽፋኑን ለማውለቅ ኃይል የሚጠይቅ ከሆነ ያላየነው ብሎን አለ ማለት ነው። ብሎኖች ከትንንሽ ክዳኖች ሥር ይደበቃሉ፤ ክብ እጀታዎችን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዛቸው ከበስተኋላ ያለ የሽቦ ቅንጥብ ነው፤ ጨርቅ በመካከል አስገብቶ ወዲያና ወዲህ በመጎተት ይለቅቃል። ተማሪዎቻችን በሪፖርታቸው “ስክሩ ድራይቨር” ብለው ይጽፋሉ፤ ጋራዥ ሲገቡ ግን ካቻቢቴ ይላሉ። ከጣልያንኛ የወረስነው የጋራዥ ቃል ለእኔ ጆሮ ይጣፍጣል። ለዚህ ሥራ ግን የብረቱ ካቻቢቴ ይቅርና የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይያዝ፤ ብረት ጠርዙን ይጎዳል። ያረጀ ክሊፕ በማለዳ ብርድ ቶሎ ይሰበራል፤ መኪናውን ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማቆየት ብዙ ክሊፕ ያተርፋል።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ። ሽፋኑ በአመዛኙ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ጣልያናዊው ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥርዓት ያለው ሞለኪውሉን የሠራው፣ በ1963 ከካርል ዚግለር ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለበት የምርምር መስክ ውጤት ነው። ካርቦንና ሃይድሮጂን ብቻ ስለሆነ፣ ቀለም የሚጨብጠው እጅ የለውም። ውሃ ብታንጠባጥቡበት እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ውሃ የማይዘረጋበት ገጽ ቀለምም በቅጡ አይዘረጋበትም፤ ቢደርቅም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል። ፋብሪካዎች ይህን የሚፈቱት ገጹን ለቅጽበት በነበልባል በማሳለፍ ነው፤ ኦክስጅን ይገባበትና የሚጨበጥ ነገር ያገኛል። በቤት ይህን አትሞክሩ። ለእኛ የቀረበው መንገድ ክሎሪን የታከለበት ፖሊኦሌፊን ያለው የፕላስቲክ ፕራይመር ነው።

ፕላስቲኩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙዎች ስባሪውን ውሃ ውስጥ ይጥላሉ፤ ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፣ ኤቢኤስ የሚባለው ይሰምጣል ይላሉ። ንጹሕ ፖሊፕሮፒሊን በእርግጥ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 0.9 ግራም ገደማ ነው። ነገር ግን 20 በመቶ የታልክ ዱቄት የተቀላቀለበት 1.04 ይደርሳል፤ ይሰምጣልም። የሚያስተማምነው በሽፋኑ ጀርባ የታተመው የላቲን ፊደል ምልክት ነው፤ ሁለት ጊዜ “ፒ” ከተጻፈበት ፖሊፕሮፒሊን ነው።

ለምን ይነጣል? ፀሐይ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። የጎን መስተዋት ሁሉንም ጨረር አያግድም። ገጹ ኦክሲዳይዝ ሆኖ ኖራ የመሰለ አቧራ ያወጣል። ሰው ይህን ለመሸፈን የሚያብረቀርቅ የዳሽቦርድ ቅባት ይቀባል። ቅባቱ ሲሊኮን ካለበት፣ በኋላ የሚቀባው ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል።

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ በአልኮል ይጠረጋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይፈገፈጋል። አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈገ ሰው ሲሊኮኑን ጭረቱ ውስጥ አስገብቶታል። ቤንዚን ግን አይሁን፤ ፕላስቲኩን ያብጣል፤ የእሳቱን አደጋ ደግሞ ሁላችን እናውቃለን። ቆዳ የሚመስል ንድፍ ባለበት ገጽ ላይ ብርጭቆ ወረቀት አይነካ፤ የሳህን ማጠቢያው አረንጓዴ ገጽ ይበቃል። የጠፋ ንድፍ አይመለስም።

ቀለሙ በስስ በስሱ፣ በየመካከሉ እያረፈ ይረጫል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልባቸው ቬርኒሾች ማራኪ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን አይሶሳያኔት አለባቸው፤ ይህም ሳንባን ለዘለቄታው ለአስም ሊያጋልጥ ይችላል፤ የአቧራ ጭምብል አያግደውም። በጓሮና በኮሪደር ለሚሠራ ሰው ባለ አንድ ክፍሉ ቀለም ይሻለዋል፤ ጥንካሬው ቢያንስም ቅር አይለኝም። አስቀድሞ በሽፋኑ ጀርባ ላይ ሞክሩት፦ ከደረቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ በምላጭ እንደ መረብ ተልትላችሁ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ በፍጥነት ንቀሉ። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ ፊቱን አትቀቡ።

ሲመለስ ቡሎኖቹ በመጀመሪያ በእጅ ይግቡ፤ ከዚያም በመመሪያው በተጻፈው ኃይል በቶርክ ቁልፍ ይጥበቁ። በግጭት ጊዜ ሰውን ከመኪናው ጋር የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ሶኬቱ ይሰካ፤ ባትሪው በመጨረሻ ይታሰር፤ በዚያን ጊዜ መኪናው ውስጥ ማንም አይቀመጥ። ቁልፉ ሲከፈት የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ፣ ወይም ጭራሽ ካልበራ፣ መመርመሪያ ያለው ባለሙያ ይየው። አምፖሉን ነቅሎ መኪና የሚሸጥም አለና፣ ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሁሉ ይህችን መብራት ቀድማችሁ ተመልከቱ።

ፕራይመር የተቀባና ያልተቀባ ናሙና እዚህ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ መጥታችሁ በጥፍራችሁ ሞክሩት። አሁን ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።