ፍሬ በእንጨት ላይ፦ ከልጆች ጋር ጀላቲ መሥራት

ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ፀሐይዋ ትበረታለች። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ቀዝቃዛ ነገር ይጠይቃሉ። ደጅ ላይ የሚሸጠው ጀላቲም ያኔ ነው የሚጠብቃቸው። ወላጅ የሚሰጋው ያለ ምክንያት አይደለም። የጀላቲው ውኃ ከየት እንደተቀዳ አይታወቅም። ብርቱካናማውም ሆነ ቀዩ ብዙውን ጊዜ ስኳርና ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ ነው እንጂ ብርቱካንም እንጆሪም አልነካውም። ሆኖም ክልከላ ብቻውን የልጅን ጥም አይቆርጥም። እነዚያው ወራት ማንጎ የሚደርስባቸው፣ ፓፓያና ሙዝም ከገበያ የማይጠፉባቸው ናቸውና ፍሪዘር ያለው ቤተሰብ የተሻለውን ጀላቲ ከልጆቹ ጋር መሥራት ይችላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። በዚህ ምዕራፍ ጤናማ ጀላቲ የምንለው ከነሥጋው ተፈጭቶ የቀዘቀዘ ፍሬን ነው። ጭማቂን አቀዝቅዞ እንጨት መሰካት ሌላ ነገር ነው፤ ልዩነቱንም ልጆች በምላሳቸው ያውቁታል። ከጭማቂ ወይም ከስኳር ውኃ የተሠራው ሲመጠጥ ጣዕሙ ቶሎ ያልቅና እጃቸው ላይ ነጭ በረዶ ይቀራል። ምክንያቱ ከአቀዘቃዘዙ ይመጣል። ስኳር ያለበት ውኃ ሲቀዘቅዝ ቀድሞ በረዶ የሚሆነው ንጹሕ ውኃው ነው፤ ስኳሩና ጣዕሙ ባልረጋው ፈሳሽ ውስጥ እየተከማቹ በበረዶው ቅንጣቶች መካከል ይቀራሉ። ልጁ ሲመጥ ያ ፈሳሽ ቀድሞ ይወጣል። የፍሬው ሥጋ ግን አሰር ስላለው ፈሳሹን ይዞ ያቆያል፣ የበረዶው ቅንጣትም እንዳይተልቅ ያግዳል። ጀላቲው የሚለሰልሰውና እስከ መጨረሻው ድረስ ጣዕሙን የማይለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የጤናውም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ በማርና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውም ተደምሮ፣ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል ብሏል። በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ጭማቂ ከስኳር ጎን መሰለፉ ብዙ ወላጆችን ይገርማል፤ ነገር ግን አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት አራት ብርቱካን ይጨመቃል። ሦስት አራት ብርቱካን ልጦ በአንድ ጊዜ የሚጨርስ ልጅ ስንት ነው? ጨምቀን የጣልነው ገለባ ልጁን “በቃኝ” የሚያሰኘው ክፍል ነው። ስለዚህ ሲቻል ፍሬውን በሹካ መፍጨት ይሻላል። በማሽን ከተፈጨም አታጥልሉት።

የዘይቱን ነገር ግን ለየት ይላል። በውስጡ ያሉት ዘሮች ጠንካራ ስለሆኑ በወንፊት ማሳለፍ ግድ ነው፤ ቢሆንም ቫይታሚን ሲው ከብርቱካን በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ድካሙን ይክሳል። ማንጎና ፓፓያ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን አላቸው። ይህ ንጥረ ነገር ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲበላ ሰውነት በተሻለ ይቀበለዋል፤ እንደኛ አገር አቮካዶ በሚገኝበት ቦታ ሁለቱን ማገናኘት ቀላል ነው። ሐብሐብ አብዛኛው ውኃ ነውና ለብቻው ሲቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሙዝ ሲታከልበት ግን ይገራል። የሚገዛው ፍሬ በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ጠቃጠቆ ያወጣው ሙዝና እጅ ላይ የሚለሰልሰው ማንጎ ስኳር አያስፈልጋቸውም። በዋጋም ይረክሳሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው የማንጎና የሙዝ ጀላቲን እመክራለሁ፤ ብዙም አይበላሽምና። ሁለት መካከለኛ ማንጎና አንድ ሙዝ ተልጠው ይፈጩ፤ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ጥቂት ማንኪያ ውኃ ይጨመርበት። ሎሚው ሙዙ እንዳይጠቁር ያደርጋል፣ ጣዕሙንም ያነቃዋል። ይህ መጠን ስድስት ያህል ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ይሞላል። የእርጎ ባዶ ዕቃ በሚገባ ታጥቦ ለዚህ ያገለግላል፤ ብርጭቆና የሸክላ ሲኒ ግን ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ ይቅሩ። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ኩባያው እስከ አፉ አይሞላ፤ አንድ ጣት ያህል ይጉደል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መወፈር ሲጀምር እንጨቱ ይሰካ፤ ያኔ ሳይጋደም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከደረሰ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይበቃዋል። ደካማ ከሆነ ማታ አዘጋጅቶ ማሳደር ነው። ሊበላ ሲል ኩባያውን ለጥቂት ሰከንድ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ብትነክሩት ጀላቲው ሳይሰበር ይወጣል።

በዚህ ሁሉ መካከል የወላጅ እጅ በትንሹ ቢገባ ደስ ይለኛል። የሦስት ዓመት ልጅ ፍሬ ማጠብና ሙዝ በሹካ መጨፍለቅ ይችላል። አምስት ዓመት የሞላው መንደሪን ይልጣል፣ ሎሚ ይጨምቃል፣ ኩባያ ይሞላል። ሰባትና ስምንት ዓመት ላይ የደረሰው የማይስል ቢላ ይዞ ሙዝና ፓፓያ ይቆራርጣል። ማሽኑ የአዋቂ ሥራ ነው። ቅልቅሉን እንዲቀምሱትና ሎሚ ይጨመር አይጨመር እንዲወስኑም ፍቀዱላቸው፤ ወሳኙ ጊዜ ይሄ ነው። ቅዝቃዜ የምላስን ጣፋጭ የመለየት ኃይል ስለሚቀንሰው፣ ዛሬ ጥሩ የጣፈጠው ነገ ከፍሪዘር ሲወጣ ለዘብ ብሎ ይገኛል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸውና በነገታው ራሳቸው ያረጋግጡ። በአንዱ ኩባያ የተፈጨ ማንጎ፣ በሌላው የተጠለለ ጭማቂ አቀዝቅዘው ቢያወዳድሩ ደግሞ ከላይ ያልኩትን ሳይንስ ያለ መጽሐፍ ይማሩታል። ፓፓያ በምሳ ሰዓት የሚገፋ ልጅ ራሱ የፈጨውን ፓፓያ ቢያንስ ይቀምሰዋል፤ እኔ ልጆችን ወደ ሥራው ማስገባት ከምግቡ እኩል ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው።

እንደሚነገረው፣ በእንጨት ላይ የተሰካውን ጀላቲ ያመጣውም ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 በካሊፎርኒያ የ11 ዓመቱ ፍራንክ ኤፐርሰን ለስላሳ መጠጥ የሚሆን ዱቄት በውኃ በጥብጦ ማማሰያውን እንጨት እንደያዘ ውጭ ረስቶት አደረ፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበርና ጠዋት ረግቶ አገኘው። ካደገ በኋላ፣ በ1924፣ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

ጁስ ቤት ስፕሪስ የሚወዱ ልጆች ደግሞ ስፕሪሱን በእንጨት ላይ ይሥሩት። ፓፓያው ከሥር ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ይረጋል፣ ማንጎው ይከተላል፣ አቮካዶው ከላይ ይሆናል። አቮካዶው ላይ ሎሚና በሙቅ ውኃ የራሰ አንድ ሁለት ቴምር ቢፈጭበት ይጣፍጣል፤ ቴምሩም ስኳር ነውና አይብዛ። ይህ ጀላቲ ወተት የለውም፤ የዐቢይ ጾም ወራት ሙቀት የሚበረታባቸው ስለሆኑ ለጾም ቤትም ይመቻል። ከጾም ውጭ እርጎ መጨመር የፈለገ ከማንጎ፣ ከሙዝ ወይም ከእንጆሪ ጋር ያድርገው። ጥሬ ፓፓያና አናናስ የወተትን ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ስላሏቸው እርጎ ውስጥ ሲቆዩ ያመርሩታል።

አሁን ልብ የሚባለውን ልናገር። ቅዝቃዜ ተህዋስያንን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፤ የተበከለ ውኃ በረዶ ሆኖም የተበከለ ነው፣ የልጅን ሆድም ያውካል። ስለዚህ የሚጨመረው ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ ወተትም ይፍላ። ፍሬው ከመላጡ በፊት ይታጠብ፣ ምክንያቱም ቢላው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ሥጋው ይዞ ይገባል። እጅና ዕቃ በሳሙና ይታጠቡ። መብራት ሲጠፋ የፍሪዘሩን በር አትክፈቱ፤ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት፣ በግማሽ የተሞላው እስከ 24 ሰዓት ያቆያል። ቀልጦ የሞቀውን ግን መልሶ ማቀዝቀዝ አይገባም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር የገባበት ነገር ፈጽሞ አይሰጥ፤ ማር ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ ሕመም የሚያመጣ ተህዋስ ሊኖረው ይችላል። ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆችም ወይንና ትላልቅ የፍሬ ቁራጭ ጀላቲ ውስጥ አይግባ፣ ጉሮሮ ይዘጋልና። ልጆች ጀላቲውን ተቀምጠው ይብሉ፤ እንጨት አፍ ውስጥ ይዞ መሮጥ አደጋ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በቴል አቪቭ ለሚኖሩ ወገኖች ሙቀቱና የትምህርት ቤት ዕረፍት በሐምሌና በነሐሴ ይገጥማሉ። እዚያ ተቆራርጦ የቀዘቀዘ ማንጎ በከረጢት ይሸጣል፤ ስኳር ያልተጨመረበት መሆኑን ከጀርባው ካነበባችሁ ያው ነው። የአገር ቤቱን ስፕሪስ ለልጆች ለማስለመድም ጥሩ አጋጣሚ ነው።

አንድ ጀላቲ ለአንድ ልጅ በቀን በቂ ነው፤ ከምግብ በኋላ ቢሰጥ ለጥርስም ለምግብ ፍላጎትም ይሻላል፣ አፍንም በውኃ መጉመጥመጥ ይገባል። ነገ ወደ ገበያ ስትወጡ ሁለት የበሰሉ ማንጎዎችና አንድ ሙዝ ግዙ፤ ማጠቡንና መጨፍለቁን ለልጆቻችሁ ተዉላቸው።